የተማፅኖ ሥዕል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በፊቱ ቆመው የሚጸልዩበት ሥዕል ሥዕለ አድኅኖ ይባላል። ክብሩ እንዲጠበቅ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ለጸሎት ይገለጣል። ያሠሩት ሰዎች ለጌጥ ብለው አልነበረም፤ የታመመ፣ የተሰደደ፣ ሰው የሞተበት ልመናውን በቀለም የሚያቀርብበት መንገድ ነው።

ሠዓሊው በጥንት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ካህን ወይም ደብተራ ነበር። ለትናንሽ ሥዕሎች እንጨት ጠርቦ ፊቱን በጄሶ ያለሰልሳል፤ ለቤተ መቅደስ ግድግዳ ደግሞ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፋል።

ሐዘን ጎልቶ የሚታየው በስቅለት ሥዕል ነው። ፀሐይና ጨረቃ ጠቁረዋል፤ ከመስቀሉ ግርጌ የአዳም ራስ ቅል አለ፤ እመቤታችንና ዮሐንስ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም እጃቸውን በጉንጫቸው አስደግፈው ያዝናሉ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያንን ሁኔታ ያውቀዋል።

ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው የምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ከተወዳጅ ልጇ ጋር) አሣሣል በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሥዕል የተከተለ ሲሆን፣ ቅጂውን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው። እመቤታችን እጆቿን አነባብራ ልጇን አቅፋለች፤ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። መሐረቡ በሮማውያን ዘንድ የማዕረግ ምልክት ነበር። ልጇን የቀበረች እናት የእንባ ማበሻ አድርጋ ብታየው ግን ማን ይፈርድባታል?

የዚህ ጥበብ ትልቁ ጸጋ፣ በእኔ እምነት፣ ለለማኙ ቦታ መስጠቱ ነው። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ አጠገቡም «ዘከመ ተማኅፀነ» (እንደ ተማፀነ) ተብሎ ስሙ ይጻፋል። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ እንደዚሁ ባጌጠ ልብሷ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቃ ትታያለች። ባሏ ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሞቶባት ነበር። በኋላም ልጇን ዐፄ ኢያሱን በ1755 ቀበረች፤ የልጅ ልጇ ኢዮአስ በ1769 ተገደለባት። ከጎንደር ወጣ ብላ ያሠራቻት ደብር ቁስቋም፣ ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት ቦታ መታሰቢያ ናት።

የመንግሥትም ሐዘን የተሸከመ ሥዕል አለ። ኵርዓተ ርእሱ (ራሱን መመታቱ) ይባላል፤ ጌታን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳይ፣ ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ፣ በፊቱም ያስምሉ ነበር። የአገር ውስጥ ሠዓሊዎች ከእርሱ እየቀዱ ራሱን በዘንግ የሚመቱትን ሰዎች ጨምረው ደጋግመው ሥለውታል። እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ በግለሰቦች እጅ ሲሸጥና ሲለወጥ ኖሯል፤ ይህ ዝርፊያ ነው፤ ሥዕሉም መመለስ አለበት።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲ ቤቶች ውስጥ የሚበዛው በወረቀት የታተመ ሥዕል ነው፤ ብዙውም አሣሣሉ የምዕራባውያን ነው። ለጸሎት ያገለግላል፤ የለማኙ ስም ግን የለበትም። በአዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ግን ልማዱ ቀጥሏል፤ ልጆች ለሞቱ ወላጆቻቸው መታሰቢያ ሥዕል እያሠሩ ከግርጌው ክርስትና ስማቸውን ያስጽፋሉ።