«የማይዝግ ብረት» ምንድን ነው? በልብስ ሥር ለሚያዝ ትንሽ ቢላ

በወገብ፣ በልብስ ሥር የሚያዝ የማይታጠፍ ትንሽ ቢላ ስለመምረጥ በተነሳ ቁጥር «ስቴንለስ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለም፤ አይዝግም» የሚል ምክር ይሰጣል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ዲ2 የተባለውን ብረት አንስተው፣ ክሮሚየሙ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከማይዝጉት ይመደባል ሲሉ ደመደሙ። የብረት ሙያ እንጀራዬ ነውና ይህ ድምዳሜ ሳይታረም እንዲያልፍ አልፈልግም።

የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ነው የሚለው ፍቺ ስሕተት አይደለም፤ ለማንኪያና ለድስት ይበቃል። ስለት ግን እንዲጠነክር ካርቦን ይፈልጋል፤ ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው።

ክሮሚየሙን እንደ ግቢ ዘበኞች እንየው። በደመወዝ መዝገቡ ላይ 12 ዘበኞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አጥሩን የሚጠብቁት ግን ደጅ የቆሙት ብቻ ናቸው። በዲ2 ውስጥ ያለው 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦን ብዙዎቹን ጓዳ አስገብቶ ካርባይድ፣ ማለትም ከካርቦን ጋር የተጣመረ ጠንካራ ቅንጣት፣ ያደርጋቸዋል፤ በዚያም ስለቱ ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳሉ እንጂ ለአጥሩ አይደርሱም። ኤኢቢ-ኤል የተባለው ብረት ክሮሚየሙ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ካርቦኑ ከዲ2 ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ፣ አብዛኞቹ ዘበኞቹ ደጅ ይቀራሉ። በመዝገብ የአንድ ሰው ልዩነት የሚመስለው፣ ላብ ሲነካው ሰፊ ልዩነት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሻጮች የማያነሱትን ልጨምር። ቢላው ከጠነከረ በኋላ ተሰባሪነቱን ለመቀነስ ዳግም ሲሞቅ፣ ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ አዳዲስ ደቃቅ ካርባይዶች ተፈጥረው ከአጥሩ ላይ ዘበኛ ይስባሉ። ስለዚህ ስማቸው አንድ የሆነ፣ በተለያየ ሙቀት የተሠሩ ሁለት ቢላዎች እኩል ላይዝጉ ይችላሉ፤ የብረቱን ስም ብቻ ጠይቆ መግዛት የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ዘበኞቹ ደግሞ ቀለብ ይሻሉ፤ ቀለባቸው ኦክስጅን ነው። ብረቱን የሚከልለው፣ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር የሆነ ሽፋን ሲጫር ራሱን የሚጠግነው በኦክስጅን ነው። በላብ ውስጥ ያለው ጨው ሽፋኑን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል፤ ጠባብ የፕላስቲክ ሰገባ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ አየሩን ይከለክላል። የቆዳ ሰገባም ላቡን መጥጦ ስለሚያቆይ ከዚህ አይሻልም። በአሸዋ ተነፍቶ የሻከረ ገጽም በደንብ ከተወለወለው ይልቅ ቶሎ ይዝጋል።

ቢላው ገላ አጠገብ የሚውል ከሆነ፣ እኔ ኤኢቢ-ኤልን፣ ወይም የካርቦኑን ድርሻ በአብዛኛው ናይትሮጅን የተካበትን ኤልሲ200ኤንን እመርጣለሁ፤ ስለታቸው ከዲ2 ቀድሞ ሊደንዝ እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። 1095 የተባለውን ክሮሚየም የለሽ ብረትም አልንቅም፤ ባለቤቱ እንደሚዝግ ስለሚያውቅ በየጊዜው ዘይት ይቀባዋል። ዲ2 የገዛም እንዲሁ ያድርግ።

ከብረቱ በፊት የሚጣራው ሕጉ ነው። በካሊፎርኒያ ለመውጋት የሚያገለግል የማይታጠፍ ቢላ በልብስ ሥር ደብቆ መያዝ ወንጀል ነው፤ በሰገባ ሆኖ ወገብ ላይ በግልጽ የሚታይ ግን እንደተደበቀ አይቆጠርም። በእንግሊዝ ደግሞ የማይታጠፍ ቢላ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ አይያዝም።

ቢላው ማታ ከሰገባው ወጥቶ ተጠርጎ ይደር። እጀታው በብሎን የታሰረ ከሆነም አልፎ አልፎ ተፈትቶ ሥሩ ይታይ፤ ስለቱ ንጹሕ መስሎ ሳለ ላብ ሰርጎ የሚቆየው እዚያ ነው።