የጡረታ ማጭበርበር ጥቆማ ምንድን ነው?

ሰውዬው ከሞቱ ከርመዋል። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ንፍሮው ተበልቷል፣ ተዝካሩም ወጥቷል። የጡረታ አበላቸው ግን በየወሩ ይወጣል። አንድ ዘመድ የድሮውን ውክልና ይዞ እየሄደ ይቀበላል። ለጎረቤቱ ሞተዋል፤ ለጡረታ መዝገቡ ግን አሉ።

ለምሳሌ ያመጣሁት ነው። ግን ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ማን መቼ እንደተቀበረ ከቢሮ ቀድሞ የሚያውቀው እድር ነው። ውክልና ደግሞ ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ጥቆማ ማለት እንዲህ ያለውን ነገር ለሚመለከተው አካል መናገር ነው። በቃ። ክስ አይደለም። ማጣራቱ የመርማሪው ሥራ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 11 ላይ፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል።

እኛ ሰፈር ግን ቃሉ ራሱ ይከብዳል። ጠቋሚ ሲባል ጆሮ ጠቢ ትዝ ይለናል። ነገ እዚያው ድንኳን ሥር ጎን ለጎን መቀመጥ አለ። አልፈርድም። ብሩ ግን ከሰማይ አልወረደም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ እያዋጡ ያጠራቀሙት ነው።

የት ይነገራል? ሟች የመንግሥት ጡረተኛ ከነበሩ ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ከግል ድርጅት ከወጡ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር። ፖሊስም ይቀበላል። የቢሮ ሰው እጁ ካለበት ነገሩ ወደ ሙስና ስለሚሄድ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ። ስትሄዱ ሐሜት ሳይሆን ቀን ያዙ፦ መቼ ሞቱ፣ የት ተቀበሩ፣ ማን ይቀበልላቸዋል። እድሩ ለቀብር የከፈለበት መዝገብ ካለ ከአሥር ሰው ወሬ ይበልጣል።

ጥበቃውስ? የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን እስከ መደበቅ ይደርሳል። ግን ለሁሉም አይደለም። በመርሕ ደረጃ ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት፣ ጠቋሚውም ላይ ከባድ አደጋ መኖር አለበት። የአንድ ሰው አበል ማጭበርበር ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ስማችሁ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ ገና ስትገቡ ጠይቁ።

ንጹሕ መሆኑን እያወቁ ሰውን መጠቆም ግን ራሱ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 ይመለከተዋል። በቅን ልቦና መሳሳት ሌላ ነገር ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። የተወሰደው የራሳችሁ ድርሻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሟች ሚስት ሆናችሁ አበሉን ሌላ ሰው ከበላው፣ ጥቆማ ብቻውን አይበቃም። ለአስተዳደሩ የመብት ጥያቄ በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። ውሳኔው ካልተስማማችሁ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ። እሱም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ከሠራ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት።