የአዲስ አበባ የሙቀት ደሴት

ከተማ በዙሪያው ካለው ገጠር ይልቅ ሲሞቅ የሙቀት ደሴት ሆነ ይባላል። ፀሐይዋ ለሁለቱም አንድ ናት፤ ልዩነቱን የሚያመጣው መሬቱ የለበሰው ነገር ነው። አስፋልትና ኮንክሪት ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት ቀስ እያሉ ስለሚለቁ፣ የአየሩ ልዩነት ይበልጥ የሚታወቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን መለካት ያደናግራል። ከእንጦጦ አናት እስከ አቃቂ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ። አቃቂ ሞቀ ተብሎ ፋብሪካው ብቻ አይወቀስም፤ ዝቅ ብሎ መገኘቱም ድርሻ አለው። በበጋ ደግሞ አዝመራ የተነሣበት የዳርቻ ማሳ፣ ባዶ አፈር ነውና፣ በሳተላይት ሲታይ ዛፍ ካላቸው የመሀል ከተማ ሰፈሮች በልጦ ይሞቃል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ጥላዋ ሆነ። ውሃ ይመጥጣል ተብሎ ብዙ የተወቀሰ ዛፍ ነው። ሆኖም በከተማዋ መናፈሻዎች ላይ የተደረገ ጥናት አካባቢን በማቀዝቀዝ ከፈረንጅ ጥድና ከግራቪሊያ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ዛሬ ትልልቁ ጥላ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናትና በኤምባሲዎች ግቢ ነው፤ የቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች ሲፈርሱ የጓሮው ኮክና ጌሾ አብረው ሄደዋል።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ይደለድላል። ስሌቱ መልካም ነው፤ ግን ሣሩም ዛፉም እኩል «አረንጓዴ» ተብሎ ከተቆጠረ ለእግረኛ ጥላ ዋስትና አይሆንም። ስለ ሕንፃው ልብስ ደግሞ ድልድሉ ምንም አይልም። ቦሌ ላይ መስታወት የለበሱት ፎቆች፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ በሚበቃበት 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ማቀዝቀዣ ያስገዛሉ። ማቀዝቀዣው የክፍሉን ሙቀት አውጥቶ የሚጥለው መንገደኛው ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱን አስፍቷል፤ የብስክሌት መስመርና አዳዲስ ተክሎችም ጨምሯል። ከተተከሉት መካከል ዘንባባ ይገኝበታል፤ ለዓይን ያምራል፣ ጥላው ግን ስስ ነው። በመጋቢት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የታክሲ ሰልፍ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሰዉ የመብራት ምሰሶዋን ቀጭን ጥላ ተከትሎ ይሰለፋል፤ ጥላዋ ስትዞር ሰልፉም አብሮ ይዞራል።