ሥነ ምግባር ያለ ሃይማኖት ይቆማል?

«ሃይማኖት የሌለውን ሰው ከክፋት ምን ይከለክለዋል?» የሚለው ክርክር ግራ የሚያጋባው ሦስት ጥያቄ ስለሚደባልቅ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅል ነጋዴ አለ እንበል። ድርጊቱ ክፉ መሆኑን በምን ያውቃል? ድርጊቱን ክፉ ያደረገውስ ምንድን ነው? ከክፋቱስ ምን ይመልሰዋል?

ለመጀመሪያው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአብነት ተማሪ ከሕገ ኦሪት (ለሙሴ ከተሰጠው ሕግ) በፊት ሕገ ልቡና፣ ማለትም በሰው ልብ ያለ ሕግ፣ እንደነበረ ይማራል። ቃየል አቤልን ሲገድል «አትግደል» በጽላት አልተጻፈም፤ ከመረገም ግን አላመለጠም። ጳውሎስም በሮሜ ምዕራፍ 2 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ ይናገራል። እንግዲህ ለማወቅ ማመን የግድ እንዳልሆነ የሚነግረን ራሱ ሃይማኖቱ ነው።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። በግሪካዊው ፈላስፋ በፕላቶን ጽሑፍ መምህሩ ሶቅራጥስ ይጠይቃል፦ ቅዱስ ነገር ቅዱስ የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ ቅዱስ ስለሆነ ወደዱት? «ስለወደዱት» ካልን፣ ማጭበርበርን ቢወዱ ኖሮ የሙዙ ቅቤም ጽድቅ በሆነ ነበር። «ስለሆነ» ካልን ደግሞ መለኪያው ከፈቃዳቸው ውጭ ነው። ብዙ አማኝ ሊቃውንት መለኪያው የእግዚአብሔር ባሕርይ ራሱ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው መልስ ይህ ነው።

ሦስተኛው ቀላል ነው፦ ነጋዴውን ፈሪሃ እግዚአብሔርም፣ ይሉኝታም፣ ደንበኛ ማጣትም ሊመልሰው ይችላል።