በሞት አፋፍና በሐዘን ጊዜ የምንሳሳትባቸው ነገሮች፤ እውነታውስ?

ሰው ቤቱ ተኝቶ ሲዳከም ቤተሰቡ የሚሠራው ስህተት አብዛኛው ከፍቅር የሚመጣ ነው። ዝም ብሎ ማየት ስለሚከብድ በግድ ሾርባ ይጋታል፤ እንዳይደነግጥ ተብሎ በሽታው ይደበቅበታል፤ ሱስ እንዳይሆንበት ተብሎ ማስታገሻው ይቀነስበታል። ሰውነት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ሰው ስለሚጠፋ ያው ፍቅር ሕመምተኛውን ያሠቃየዋል። ከታች ያሉት በየቤቱ በብዛት የሚሰሙና ጉዳታቸውም ከፍ ያለ አመለካከቶች ናቸው።

«ሞርፊን የሚሰጠው ሊሞት ለደረሰ ነው፤ ራሱም ይገድላል»

ይህ እምነት የመጣው ከሚታየው ነገር ነው። ሞርፊን ተጀመረ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውየው አረፈ። ሆኖም መድኃኒቱ የተጀመረው እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ነው ሞት የተከተለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ ሞርፊንን ለከባድ ሕመም ዋና መድኃኒት አድርጎታል። በትክክለኛው መጠን ለወራት ሲወስዱ ቆይተው እየበሉ፣ እየተኙ፣ ቤተ ዘመድ እየጠየቁ የሚኖሩ ሕመምተኞች አሉ።

ሽሮፑም ሆነ ተራው ክኒን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። ሕመሙ ከተነሳ በኋላ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ በሥቃይና በእንቅልፍ መካከል ሲመላለስ ይውላል፤ ቤተሰቡም «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። ከዚህ በፊት ወስዶ ለማያውቅ አዋቂ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በትንሹ፣ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ባለው ይጀምራል። ለአረጋውያንና ኩላሊታቸው ለተጎዳ ደግሞ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ሰዓቱን ያራርቃል። በመሃል ሕመም ከገነፈለ የሚታዘዘው ተጨማሪ መጠን አብዛኛውን ጊዜ የቀኑ ጠቅላላ መጠን አንድ ስድስተኛ ነው። ይህ ተጨማሪ ስንት ጊዜ እንደተሰጠ ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፍ፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው ያንን አይቶ ነው።

የሆድ ድርቀት ሞርፊን በሚወስድ ሰው ላይ የማይቀር ያህል ነው። እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ካልታዘዘ ይጠየቅ። ማቅለሽለሽና ድብታ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳሉ፤ ለሳምንታት ሕመም እንቅልፍ የነሳው ሰው ሥቃዩ ሲለቀው ረጅም ሰዓት ቢተኛ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ተቀስቅሶ የማይነቃ ከሆነ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበና ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 በታች ከወረደ ነው። ያኔ ቀጣዩ መጠን ሳይሰጥ ሐኪም ይጠራ። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ የሞርፊን ክኒን ደግሞ ፈጽሞ መፈጨትም መታኘክም የለበትም፤ ከተፈጨ የ12 ሰዓቱ መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ሱስን በተመለከተ፦ መጠኑ የሚጨምረው በአብዛኛው ሱስ ስለያዘው ሳይሆን በሽታው ስለገፋ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን ስለሚለምድ በድንገት ማቋረጥ ያንቀጠቅጣል፣ ያስቀምጣል፣ ያስጨንቃል። ማቆም ካስፈለገ በሐኪም ቁጥጥር ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

«ካልበላ በረሃብ ይሞትብናል፤ ቢያንስ ግሉኮስ ይግባለት»

በመጨረሻዎቹ ቀናት የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው ሰውነቱ እየዘጋ ስለሆነ ነው። ሆዱ ምግቡን አይፈጭም፤ የመዋጥ ኃይሉም ይዳከማል። በግድ የተጋተ ሾርባ ወደ ሳንባ ይገባና ሳልና የሳንባ ምች ያመጣል።

ግሉኮስ ምግብ ይመስለናል። አንድ ሊትር የ5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ብቻ ነው፤ ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። ቀሪው ውሃ ነው። ልብና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ያንን ውሃ ማስወጣት ስለማይችል እግሩ ያብጣል፣ ጉሮሮው ላይ አክታ ይበዛል፣ ትንፋሹ ይከብዳል። በትውከት ወይም በተቅማጥ ፈሳሽ ያጣና ሊያገግም የሚችል ሰው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ፈሳሹ ሕይወት ያድናል። ለየትኛው እንደሆነ ሐኪሙ በግልጽ እንዲናገር መጠየቅ የቤተሰቡ መብት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነቅቶ ከጠየቀ ራሱን ቀና አድርጎ በሻይ ማንኪያ፣ እየዋጠ መሆኑን እያዩ መስጠት፤ ካሳለው ማቆም። ካልነቃ አፉ ውስጥ ምንም አይፈስም። የሚሰማው ጥማት በአብዛኛው የአፍ መድረቅ ነው፤ ንጹሕ ስስ ጨርቅ በውሃ ነክሮ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ድዱን፣ ምላሱንና ከንፈሩን ማርጠብ፣ ከዚያም ከንፈሩን ቅባት መቀባት ያሳርፈዋል። ጸበል ወይም ዘምዘም ማቅመስ የሚፈልግ ቤተሰብም በዚሁ መንገድ ጥቂት ጠብታ ያድርግ።

«ጉሮሮው ያጓራል፤ ታፍኖ እየተሠቃየ ነው»

ለአስታማሚ ከባዱ ድምፅ ይህ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ምራቁን መዋጥም ማሳልም አይችልም፤ አየሩ በተጠራቀመው ፈሳሽ ላይ ሲያልፍ ያጓራል። ፊቱ ካልተኮማተረና ካልቃተተ ሕመምተኛው በድምፁ እየተሠቃየ እንዳልሆነ ይታመናል። በጎኑ ማስተኛትና ራሱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል። በቱቦ ከጥልቅ መምጠጥ ግን ያቆስላል፤ ፈሳሹም ተመልሶ ይሞላል።

ትንፋሹም ይለዋወጣል፦ ይፈጥናል፣ ይቀንሳል፣ ለግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆምና እንደገና ይጀምራል። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፤ ጉልበትና ውስጥ እግር ላይ ዥንጉርጉር ወይን ጠጅ ቀለም ይወጣል። እነዚህ የተለመዱ ናቸው። ሰውየው ከተቁነጠነጠ፣ ልብሱን እየገፈፈ ለመነሳት ከታገለ ግን «ጣር ነው» ብሎ መተው አይገባም። መጀመሪያ የሚታየው ፊኛው ነው፦ ከእምብርት በታች ጠጥሮና አብጦ ከሆነ ሽንት ታፍኗል፤ ነርስ ቱቦ ስታስገባ ወዲያው ጸጥ ሊል ይችላል። የሆድ ድርቀትና ያልተሰጠ ማስታገሻም እንዲሁ ያቁነጠንጣሉ።

«አሁን አይሰማም»

በቫንኩቨር፣ ካናዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ምላሽ መስጠት ያቆሙ ሕመምተኞችን የአንጎል እንቅስቃሴ ለክቶ፣ የአንዳንዶቹ አንጎል ለድምፅ እንደ ጤነኛ ሰው ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይቷል። የተነገረውን መረዳታቸውን አላረጋገጠም። ሊሰሙ መቻላቸው ብቻ ግን ለጥንቃቄ በቂ ነው፤ የውርስ ክርክርና የቀብር ወጪ ስሌት ከአልጋው አጠገብ አይደረግ።

«በሽታውን ካወቀ ቶሎ ይሞታል»

አብዛኛው ሕመምተኛ ሰዎች ሲንሾካሾኩ አይቶ ጠርጥሯል፤ ብቻውን ይፈራል። ትክክለኛው መንገድ በጥያቄ ነው የሚጀምረው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ነግረውዎታል? ምን ያህልስ ማወቅ ይፈልጋሉ?» ማወቅ የማይፈልግ ሰው አይገደድም። የሚፈልግን መከልከል ግን ይቅርታ የሚጠይቅበትን፣ የሚናዘዝበትንና ውርሱን የሚያስተካክልበትን ጊዜ መውሰድ ነው።

ኑዛዜ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በቤተሰብ መካከል ለዓመታት ይቆያል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። «ተነበበ» የሚለው ካልተጻፈበት ፈራሽ ይሆናል። ሌላው አማራጭ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ጽፎ ቀንና ፊርማ የሚያኖርበት ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ግን ከቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚት ከመሰየምና ከ500 ብር ከማይበልጥ ስጦታ አያልፍም። ስለዚህ በጣር ላይ «ቤቱ ለእገሌ ይሁን» መባሉ ብቻውን ቤቱን አያስተላልፍም።

«ሐዘን አምስት ደረጃ አለው፤ በ40 ቀን ይበርዳል»

አምስቱን ደረጃዎች (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴና መቀበል) የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው በማይድን በሽታ ከተያዙ ሕመምተኞች ጋር ከተነጋገረች በኋላ ነው፤ የሟች ቤተሰብ የሚሄድበት መሰላል አልነበረም። ሐዘንተኛ ጧት ያለቅሳል፣ ከሰዓት ይሥቃል፣ ማታ ይቆጣል። የሟቹን ድምፅ የሰማ ቢመስለው አላበደም፤ የተለመደ ነው።

ለቅሶ፣ የእድር ድንኳን፣ ሳልስትና ተዝካር ሰውን ብቻውን እንዳይሆን ይዘውታል፤ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ጓዳው ጸጥ የሚለው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የሚመጣ ጠያቂ፣ ያውም «የምትፈልጊው ካለ ንገሪኝ» ሳይል ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ወይም የጡረታ ወረቀቱን አብሯት የሚያስጨርስ፣ እጅግ ይጠቅማል። ከ6 ወር በላይ ሐዘኑ ምንም ሳይላላ ሥራና ኑሮን ካቆመ የጤና ባለሙያ ይታይ። «እሱን ልከተለው» የሚል ንግግር ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅ።

«ልጆች አይገባቸውም»

ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት የሚመለስ ነገር ይመስለዋል። ከ5 እስከ 9 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ሞት ለሁሉ እንደሚደርስና እንደማይመለስ ቀስ በቀስ የሚረዳው። «እናትህ አረብ ሀገር ሄዳለች» የተባለ ልጅ ስልክ ሲጠብቅ ይኖራል፤ «ተኝቷል» የተባለ መኝታ ይፈራል። በሚያምነው ሰው አፍ በአጭሩ ይነገረው፦ «አባባ ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል፤ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም።» እምነታችሁ ስለ ነፍስ የሚለውን ከዚያ ቀጥላችሁ ንገሩት። ሳይጠይቅም ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይነገረው፤ ስላስቸገረ ወይም ክፉ ስለተመኘ የሞተ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው። አልቅሶ ወዲያው ወደ ጨዋታ ቢሮጥ አይቆጡት፤ ያው ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢመጣ ያው መልስ ይደገም። ወደ ትምህርት ቤት ከመመለሱ በፊት መምህሩ ይወቅ፤ የሚነቃነቅ፣ የሚደበድብ ወይም ውጤቱ የወረደ ልጅ «ባለጌ» እንዳይባል።