ሄልዝ ቼክ ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል። ሦስት ወፍጮ አለ እንበል። በር ላይ የቆመው ተራ አስከባሪ ገብሱን የያዘውን ሁሉ «እርስዎ ወደዚያ፣ አንቺ ወደዚህ» እያለ ይመድባል። ሎድ ባላንሰርም ሥራው ይኸው ነው፤ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ከኋላው ካሉት ሰርቨሮች ለአንዱ ያስተላልፋል። ደንበኛው የሚያውቀው በሩን ብቻ ስለሆነ ሪቨርስ ፕሮክሲም ይባላል። አንዱ ወፍጮ ቆሞ ተራ አስከባሪው ሳያውቅ መመደቡን ከቀጠለ፣ ከሦስት ሰው አንዱ ጆንያውን እንደተሸከመ ይቀራል። ተራ አስከባሪው በየጊዜው ዞር እያለ «ትሠራለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ሄልዝ ቼክ ነው።

ምሳሌ የምናደርገው ኤች ኤ ፕሮክሲን ነው፤ ዊሊ ታሮ በፈረንጆቹ 2001 ያወጣው፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ (ኦፕን ሶርስ) የሎድ ባላንሰር ሶፍትዌር። ትእዛዞቹን እዚህ በግዕዝ ፊደል ብንጽፋቸውም በኮንፊግ (ማዋቀሪያ) ፋይሉ ውስጥ በላቲን ነው የሚገቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና በመጀመሪያው ላይ ነው። በ«ሰርቨር» መስመር ላይ «ቼክ» የሚለው ቃል ካልተጻፈ ፍተሻ የሚባል ነገር የለም። ሰርቨሩ ሞቶም ድርሻው ይላክለታል። ቃሉ ከተጻፈ ግን በየ2 ሴኮንዱ ይፈተሻል፤ 3 ጊዜ በተከታታይ ከወደቀ ከምደባ ይወጣል፣ ከዚያ 2 ጊዜ በተከታታይ ካለፈ ይመለሳል። እነዚህን ቁጥሮች «ኢንተር»፣ «ፎል» እና «ራይዝ» በሚሉት መቀየር ይቻላል። ስሌቱን ልብ ይበሉ፦ በሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ከተዘጋ እስኪታወቅ ከ4 እስከ 6 ሴኮንድ ያልፋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ጭራሽ መልስ ካልሰጠ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በዚህ መሀል ወደ ሟቹ የተላከ ጥያቄ አለ። «ኢንተር»ን ወደ ግማሽ ሴኮንድ ማውረድ ያጓጓል፤ ነገር ግን መስመሩ ለአፍታ ሲንገራገጭ ጤነኛው ሰርቨር ወጣ ገባ ማለት ይጀምራል። «ኦፕሽን ሪዲስፓች» ይሻላል፤ ግንኙነቱ እምቢ ያለበትን ጥያቄ ወደ ሌላ ሰርቨር ያዞረዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለብን ነው። «ቼክ» ብቻውን የሚያየው የቲሲፒ ፖርቱ፣ ማለትም ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበት በር፣ መከፈቱን ነው። ሞተሩ እያጓራ ድንጋዩ ሳይወቀር ከቆየ የሚወጣው ክክ እንጂ ዱቄት አይደለም፤ ድምፁን ከውጭ የሰማ ግን ወፍጮው ደህና ነው ይላል። አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን አጥቶ ለሁሉም 500 (የውስጥ ስህተት ኮድ) እየመለሰ ፖርቱ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እውነተኛ የድረ ገጽ ጥያቄ ልኮ መልሱን የሚያይ «ኦፕሽን ኤች ቲ ቲ ፒ ቼክ» ይጨመራል። እዚህም ወጥመድ አለ። ምንም ካልተነገረው የሚልከው «ኦፕሽንስ» የተባለውን ሜተድ (የጥያቄ ዓይነት) ነው፤ ይህን የማይቀበል አፕሊኬሽን 405፣ «ይህ ሜተድ አይፈቀድም»፣ ይመልሳል፣ ጤነኛው ሰርቨርም ከምደባ ይወጣል። የሰርቨሮቹን ሁኔታ በሚያሳየው የኤች ኤ ፕሮክሲ የስታትስ ገጽ ላይ የመጨረሻው ፍተሻ ከ405 ጋር ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ገጽ ለማምጣት የተለመደውን ሜተድ «ጌት»ን እንዲልክና የትኛውን አድራሻ እንደሚጠይቅ በግልጽ ይጻፍለት። በተቃራኒው ደግሞ 2 ወይም 3 በሚል አኃዝ የሚጀምር ኮድ ሁሉ እንዳለፈ ይቆጠራል። ወደ መግቢያ ገጽ የሚያዞር 302 ምንም ሳያረጋግጥ ያልፋል ማለት ነው። «ኤች ቲ ቲ ፒ ቼክ ኤክስፔክት ስታተስ 200» ይህን ይዘጋል።

እንግዲህ ፍተሻው ዳታቤዙንም ይንካ ወይ? በእኛ አስተያየት በጥንቃቄ። ሦስቱም ሰርቨሮች አንድ ዳታቤዝ የሚጋሩ ከሆነ፣ እሱ ለጥቂት ሴኮንድ ሲዘገይ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይወጣሉ። ከዳታቤዙ ውጭ የሚሠራው ገጽ እንኳ 503 (አገልግሎት የለም) ይሆናል። ወንዙ ሲጎድል ሦስቱንም የውሃ ወፍጮ መዝጋት ውሃ አያመጣም። ፍተሻው የዚያን ሰርቨር የራሱን ጤና ቢጠይቅ ይበቃል።

እነዚህ ሁሉ ነባሪ ቁጥሮች በፕሮጀክቱ የዶክ ፎልደር ውስጥ ባለው የኮንፊገሬሽን ጽሑፍ ፋይል ተጽፈዋል። ፋይሉ ረጅምና ደረቅ ነው፣ ግን ከየብሎጉ ከሚቀዳው ኮንፊግ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። ስህተት ያገኘ ሰው ርዕሱን «ዶክ» በሚል መለያ ጀምሮ ማስተካከያ መላክ ይችላል፤ የሰነድ እርማት እንደ ኮድ እርማት ይታያል።

ፋይሉን ቀይረው ከመጫንዎ በፊት ኤች ኤ ፕሮክሲን በ«ሰረዝ ሲ» አማራጭ አስነስተው ይፈትሹት። ከዚያ ሰው በማይበዛበት ሰዓት የአንዱን ሰርቨር አፕሊኬሽን ሆን ብለው ያቁሙና የስታትስ ገጹን እያዩ ሴኮንዶቹን ይቁጠሩ። ለጥገና ሲሆን ግን እንዲህ አያቁሙት፤ አስቀድመው «ድሬይን» ወደሚባለው ሁኔታ ያስገቡት። አዲስ ሰው አይመደብለትም፣ የጀመረውን ግን ፈጭቶ ይጨርሳል።