የጀርመን ጦር የሰው ኃይል እጥረትና የብሔራዊ ውትድርና ክርክር

ጀርመን የግዴታ ውትድርናን አልሻረችም፤ በጁላይ 2011 አገደችው እንጂ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ በመዝገብ ላይ ቢቆይም የሚያስፈጽሙት እጆች ግን አልቆዩም። ወጣቶችን ይመዘግቡና በሐኪም ያስመረምሩ የነበሩት የወረዳ ምልመላ ጽሕፈት ቤቶች በቀጣዩ ዓመት ተዘጉ፤ በርካታ የጦር ሰፈሮችም ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ዛሬ አዋጁን ለመቀስቀስ የሚፈልግ ፖለቲከኛ የሚገጥመው ችግር ከአዋጁ ይልቅ ይኸው ነው።

ምዕራብ ጀርመን የግዴታ ውትድርና ሕግ ያወጣችው በ1956 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተመልማዮች ሰፈር የገቡት በኤፕሪል 1957 ነበር። መጀመሪያ 12 ወር የነበረው የአገልግሎት ዘመን በ1960ዎቹ 18 ወር ደረሰ፤ ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ደግሞ እየተቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ 6 ወር ብቻ ቀረ። ምዕራብ በርሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሸናፊ መንግሥታት ሥር ስለነበረች ነዋሪዎቿ አይዘምቱም ነበር፤ ስለዚህ ውትድርናን የሸሸ ብዙ ወጣት ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያው ይሄድ ነበር። ኅሊናው መሣሪያ መያዝ ያልፈቀደለት ደግሞ ሕገ መንግሥቱ መብቱን ስለሚያከብርለት በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ያገለግል ነበር። እገዳው ሲመጣ መጦሪያዎቹም ይህን ርካሽ ጉልበት አጡ።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ወደ 495,000 የሚጠጋ ወታደር የነበረው ጦር ዛሬ ከ180,000 ብዙም አይርቅም። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ መንግሥት ለመሣሪያ ግዢ 100 ቢሊዮን ዩሮ መደበ፤ ታንክ በገንዘብ ሲገዛ፣ ታንከኛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በ2023 ከገቡት ምልምሎች ከአራቱ አንዱ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ለቅቆ ወጥቷል። በዚያ ላይ በሊቱዌኒያ 5,000 ገደማ ሰው ያለው ብርጌድ በቋሚነት ለማስፈር ቃል ተገብቷል።

የመከላከያ ሚኒስትሩ ቦሪስ ፒስቶሪየስ ያቀረቡት ሕግ በዲሴምበር 5 ቀን 2025 በፓርላማ ጸድቆ በአዲሱ ዓመት ሥራ ላይ ውሏል። ዕቅዱ በ2035 ወደ 260,000 መደበኛ ወታደርና ወደ 200,000 ተጠባባቂ ማድረስ ነው። አሠራሩ በደብዳቤ ይጀምራል፦ 18 ዓመት የሞላው ወንድ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ ትምህርቱንና የማገልገል ፍላጎቱን የሚጠይቅ መጠይቅ ይደርሰዋል፤ መሙላቱ ግዴታው ነው። ሴቶችም ይደርሳቸዋል፤ መልሱ ግን በፈቃዳቸው ነው። በ2008ና ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ወንዶች የሕክምና ምርመራም ይጠብቃቸዋል። ሰፈር መግባቱ ግን አሁንም በውዴታ ነው፤ ለሚገባ 2,600 ዩሮ ገደማ ወርኃዊ ደመወዝ ይከፈለዋል። ፈቃደኛ ካነሰ ፓርላማው ግዴታውን በሌላ ሕግ መወሰን ይኖርበታል። በዚያን ጊዜ ማን እንደሚሄድ በዕጣ ይለይ የሚለው ሐሳብ ጥምር መንግሥቱን ክፉኛ አከራክሮ፣ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ብቻ ቀርቷል።

ዕጣው ያስቆጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእገዳው በፊት በነበሩት ዓመታት ከአንድ ዕድሜ ወጣቶች ጥቂቱ ብቻ ስለሚዘምት «ለምን እኔ?» የሚለው ጥያቄ ሥርዓቱን አዳክሞት ነበር። የሴቶች ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ሴትን በግዴታ መሣሪያ ማስያዝ ስለሚከለክል፣ ለመለወጥ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

በጀርመን ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የጀርመን ዜግነት ያለው ልጃቸው ደብዳቤው ይደርሰዋል። «ብሔራዊ ውትድርና» ሲባል የደርግን ዘመን አፈሳ የሚያስታውስ ወላጅ መደንገጡ አያስገርምም። ይሁንና የሁለቱ አገር አሠራር እጅግ የተለያየ ነው፤ በጀርመን ልጁ «ፍላጎት የለኝም» ብሎ ሞልቶ መላክ ይችላል። የጦሩ ሰዎችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፦ «አለኝ» ብለው የሚመልሱት ቢበዙ የሚያድሩበት አልጋና የሚያሠለጥናቸው አሥር አለቃ በበቂ መጠን አለመኖሩ።